የአባትየው አንገት፦ አንድ የዝይ ቤተሰብ በሌክ አርቴሚዥያ

ጉዳዩ የአንድ ወዳጄ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፤ እንጀራው ፎቶ ነው። ሠርግ፣ መልስ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፤ የሚጠራው አያጣም። ቅዳሜና እሁድ መተንፈሻ የለውም፤ በሥራ ቀናት ግን ጠዋቱ የራሱ ነው። ባለፈው ፀደይ አንድ የዝይ ቤተሰብ ጎጆ ላይ ካለበት ጀምሮ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ በፎቶ ልከታተል ብሎ ተነሳ። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ግን አልጣሙትም። "ሙሽራ የሚያሳምር ካሜራ ዝይ ያቅተዋል እንዴ?" ብሎ ላፕቶፑን ይዞልኝ መጣ። እኔ ወፍ ማንሳት ከጀመርኩ ስለቆየሁ አብሬው ወጣሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ያየነውን፣ የቀየርነውንና ያገኘነውን ነው።

ቦታው ሌክ አርቴሚዥያ ይባላል። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ኮሌጅ ፓርክ አጠገብ ነው። ሐይቁ የተፈጥሮ አይደለም። የዋሽንግተን ሜትሮ ለግሪን ላይን ሐዲድ አሸዋና ጠጠር ሲያስፈልገው እዚያ ቆፈረ፤ ጉድጓዱም ውሃ ተሞልቶ መናፈሻ ሆነ። ስፋቱ 38 ኤከር፣ ወደ 15 ሄክታር ገደማ ነው። ባቡሩ ዛሬም በጎኑ ያልፋል፤ ዝይዎቹ ቀና ብለው እንኳን አያዩትም። በዙሪያው ያለው የወፍ ተመልካቾች መንገድ በሉተር ጎልድማን ስም ተሰይሟል። ጎልድማን ለአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ፎቶ ያነሳ የነበረ ሰው ነው። ወዳጄ ይህን ሲሰማ "እንግዲያው ቦታው የእኛ የሙያ ቤት ነው በለኛ" አለ።

በዲሲ አካባቢ ያለ ፎቶ አንሺ ሁሉ ካሜራውን የሚያወጣው ለቼሪ አበባ ነው፤ በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ። አበባው ሲረግፍ ሰዉም ይበተናል። ዝይዋ ግን ያኔ ገና እንቁላሏን ታቅፋለች። ጫጩት ማየት የሚጀመረው ከኤፕሪል መጨረሻ ወዲህ ነው። ሜይን በሙሉ ሐይቁ ዳር የሚገኘው ሯጭ፣ ውሻ የሚያናፍስ ሰውና ዓሣ አጥማጅ ነው። ካሜራ የያዘ ሰው ብዙም የለም። እኔ በበኩሌ ይህን እወደዋለሁ።

ስለ ወፉ ትንሽ ልበል። የካናዳ ዝይ አሜሪካ ለሚኖር ሐበሻ አዲስ አይደለም። ጥቁር አንገት፣ ከአገጩ እስከ ጉንጩ ነጭ ምልክት፣ ቡናማ ጀርባ። የአፓርታማው ሣር ላይ፣ የቤተክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ፣ ኳስ ሜዳው ላይ የሚያደርገውን አድርጎ የሚሄደው እሱ ነው። ብዙ ሰው አይወደውም። ጃንዋሪ 15 ቀን 2009 ኒውዮርክ ሀድሰን ወንዝ ላይ ያረፈውን አውሮፕላን ሞተሮች ያጠፉትም የካናዳ ዝይዎች ነበሩ። ደግነቱ 155ቱም ሰዎች ተርፈዋል። ከሞተሩ የተገኘውን የላባ ቅሪት የመረመረው ዲሲ ያለው የስሚዝሶኒያን የላባ ላቦራቶሪ ነው። ዝይዎቹ ከሰሜን የመጡ ተጓዦች እንጂ የአካባቢው ነዋሪዎች እንዳልሆኑም ለይቷል።

ልዩነቱ ለእኛ ጉዳይም ያስፈልጋል። ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት ዓይነት የካናዳ ዝይ አለ። አንዱ የበረዶውን ወራት ብቻ አሳልፎ ለመራባት ወደ ሰሜን ካናዳ የሚመለሰው ነው። ሌላው ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖረውና እዚሁ የሚፈለፍለው ነው። በሜይ ወር ጫጩት የሚያስከትለው ሁለተኛው ነው። የነዋሪዎቹ ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። የድሮ አዳኞች የዱሩን ዝይ ለማታለል በሕይወት ያሉ የተገሩ ዝይዎችን ውሃ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ይህ በ1935 ሲከለከል ብዙዎቹ ተለቀቁ፤ የት መሄድ እንዳለባቸው ያስተማራቸው ስላልነበረ እዚያው ቀሩ። ትልቁ የካናዳ ዝይ የሚባለው ዝርያ ደግሞ ጠፍቷል ተብሎ ከታመነ በኋላ በ1962 ሚኒሶታ፣ ሮቸስተር ከተማ ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሆን ተብሎ በየቦታው እንዲራባ ተደረገ። ሥራው ከልክ በላይ ተሳካ ማለት ይቻላል።

ወደ ወዳጄ ፎቶዎች ልመለስ። ካሜራው ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ዓይነት)፣ ሌንሱ ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 2.8 ነው፤ ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ለሠርግ የለመደውን ቅንብር ሳይነካ ነበር የወጣው፤ ኤፍ 2.8፣ ሹተሩ (የመዝጊያው ፍጥነት) 1/200 ሴኮንድ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየናቸው። አንድ ጫጩት ጥርት ብሎ ሌሎቹ ጉም ሆነዋል። እግሮቻቸው ተንቀሳቅሰዋል። የወላጆቹ ጭንቅላት ዓይን የሌለው ጥቁር ነገር ነው፤ ነጩ ጉንጭ ደግሞ ብርሃን በዝቶበት ተቃጥሏል። ሁሉም ከላይ ወደ ታች፣ ከቆመ ሰው ቁመት የተነሱ ስለሆኑ ከጀርባቸው የሚታየው ሣር ብቻ ነው። እነዚህ የቅንብርና የአቋቋም ነገሮች ናቸው፤ በአንድ ጠዋት ይስተካከላሉ።

ዋናው ነገር ሌላ ነበር። በሁሉም ፎቶ ላይ አባትየውና እናትየዋ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ሌንሱን ያያሉ። ወዳጄ ይህን እንደ ስኬት ቆጥሮታል። "እያቸው እስቲ፣ ሁለቱም ካሜራ አይተዋል!" አለኝ። ሠርግ ላይ ልክ ነው። ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹ፣ አባትና እናት በአንድ ጊዜ ካሜራ ካዩ ተገላገልክ። ዝይ ግን ካሜራህን ካየ ሥራውን አቁሟል። መብላቱን፣ መጠበቁን፣ ልጆቹን ማሰማራቱን ትቶ አንተን እያሰበ ነው። ያነሳኸው የዝይ ቤተሰብ አይደለም፤ ስለ አንተ የሚጨነቅ የዝይ ቤተሰብ ነው።

ይህን በቃል ብነግረው "እሺ" ብሎ ያልፍ ነበር። ያስረዳችው እናቱ ናት። የልጅ ልጇን ለመያዝ ከደሴ የመጣች ናት፤ ቤት መዋል ስለሰለቻት አንድ ጠዋት አብራን ወጣች። ልጇ ወደ ዝይዎቹ ተጠግቶ ሲያነሳ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስታይ ቆየችና፦

"ምኑን ነው የምታነሳው? ይሄ ዳክዬ እኮ ፈርቷል" አለችው።

"የቱ እማዬ?"

"አንገቱን የሰቀለው ነዋ፤ አባወራው። ጭልፊት ስታይ ዶሮም እንዲሁ ነው የምትሆነው። ተወት አድርገው፣ ወደዚህ ና።"

መጣ። ዝም ብለን ተቀመጥን። ጥቂት ቆይቶ የአባትየው አንገት ታጠፈ። ከዚያ ጭንቅላቱ ወደ ሣሩ ወረደ። እናትየዋ ቀድማው መብላት ጀምራ ነበር። ተጠጋግተው የነበሩት ጫጩቶች ፈታ አሉና ተበተኑ። አንዱ ገና ላባ ያላወጣች ቁራጭ ክንፉን ዘርግቶ ተንጠራራ። ወዳጄ ካሜራውን ሲያነሳ እናቱ እጁን ያዘችው፤ "ቆይ፣ ይለመድህ" አለችው። ከዚያን ቀን በኋላ እኔ የጨመርኩት ዝርዝር ብቻ ነው።

ዝርዝሩ ይኸው። የአባትየው ጭንቅላት ሣር ውስጥ ከሆነ ወይም አንገቱ ዘና ብሎ ከታጠፈ ሰላም ነው። አንገቱን ቀጥ ካደረገ አይቶሃል፤ ባለህበት ቁም፤ ወደ ፊት አትራመድ። ጭንቅላቱን ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ከጀመረ እያስጠነቀቀህ ነው፤ ወደ ኋላ በል። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ወደ አንተ ከዘረጋና አፉን ከፍቶ እስስ ካለ ውይይቱ አልቋል፣ እየመጣ ነው። ክንፉ ሲመታ ቀላል አይደለም። በዚያ ሰዓት ጀርባህን ሰጥተህ አትሩጥ፤ ፊትህን ወደ እሱ አድርገህ ቀስ እያልክ ሽሽ። እናትየዋም ተመሳሳይ ምልክት ታሳያለች፤ ግን ዘበኛው በአብዛኛው አባትየው ስለሆነ እሱን ማየት ይበቃል።

ስንት ሜትር መራቅ እንዳለብህ የሚነግርህም ይኸው አንገት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ከአብዛኛው የዱር እንስሳ ቢያንስ 25 ያርድ፣ ወደ 23 ሜትር ራቁ ይላል። ሌክ አርቴሚዥያ የእነሱ ፓርክ አይደለም። ዝይዎቹም ሰው ስለለመዱ አንዳንዴ ራሳቸው መጥተው በአጠገብህ ያልፋሉ። ቢሆንም ቁጥሩ ጥሩ መነሻ ነው። እነሱ ወደ አንተ ከመጡ ሌላ ነገር ነው፤ አንተ ወደ እነሱ ስትሄድ ግን አንገቱ ቀጥ ያለበት ቦታ ላይ ቁም።

ወዳጄ ይህን ሲሰማ ያለው ሁሉም ሰው የሚለውን ነው። "ታዲያ 600 ሚሊሜትር ልግዛ?" የሌንሱን ዋጋ አስቡት። እኔ አትግዛ አልኩት፤ ምክንያቱን ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ላይ 200 ሚሊሜትር ሌንስ 20 ሜትር ርቀት ላይ የሚይዘው ስፋት 3.6 ሜትር ነው። ሁለት ወላጆችና አምስት ጫጩቶች በሰልፍ ሲሄዱ የሚይዙት ቦታ ከዚያ አይበልጥም። 600 ሚሊሜትር በዚያው ርቀት የሚይዘው 1.2 ሜትር ብቻ ስለሆነ እናትየዋን ሲያገኝ አባትየውን ያጣል። የአንድ ጫጩት ፊት ለማንሳት ከሆነ 600 ግሩም ነው። ለቤተሰብ ግን 200 ይበቃል።

ከዚህ የሚበልጠው የጥራት ጥልቀቱ፣ ማለትም ከፊት እስከ ኋላ ጥርት ብሎ የሚወጣው ቦታ ነው። ወዳጄ 8 ሜትር ላይ ቆሞ በኤፍ 2.8 ሲያነሳ ጥርት የሚለው ጥልቀት 27 ሴንቲሜትር አካባቢ ብቻ ነበር። ለዚህ ነው አንድ ጫጩት ብቻ የደረሰው። 20 ሜትር ላይ ሆኖ በኤፍ 5.6 ሲያነሳ ጥልቀቱ ከ3 ሜትር ይበልጣል፤ በኤፍ 8 ደግሞ ወደ 5 ሜትር ይጠጋል። ቤተሰቡ በሙሉ ይገባል። ስለዚህ መራቁ ለዝይዎቹ ሲባል የሚከፈል ዋጋ አልነበረም፤ ፎቶውንም ያዳነው እሱ ነው። ሠርግ አንሺ ኋላውን ማደብዘዝ ይወዳል፤ እዚህ ግን ከጀርባቸው ያለው ውሃ ራቅ ያለ ስለሆነ በኤፍ 5.6ም ለስልሶ ይወጣል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፤ ዝቅ ማለት።

ዝቅ ማለት ስል መሬት ላይ ነው። ጫጩት ቁመቱ ከጫማህ ብዙም አይበልጥም። ካሜራው በዓይኑ ልክ ሲወርድ ሣሩ ከፊት ይለሰልሳል፣ ውሃው ከኋላ ይመጣል፣ ጫጩቷም ሰው የምታህል ትመስላለች። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) አያስፈልግም። የወዳጄ እናት ከአሮጌ ጂንስ ትንሽ ከረጢት ሰፍታ የአተር ክክ ሞላችበት፤ ካሜራው እሱ ላይ ተቀመጠ፤ ስክሪኑ ወደ ላይ ተገለበጠ። ከተገዛው ዕቃ ሁሉ ይልቅ የጠቀመው ያ ከረጢት ነው ብል ማጋነን አይደለም። ስትተኛ ግን ሸራ ወይም ፕላስቲክ አንጥፍ፤ ለምን እንደሆነ ዝይ የዋለበትን ሣር ያየ ያውቃል። ሌላው ከባድ ነገር መዥገር ነው። ሜሪላንድ መዥገር የሚያስተላልፈው የላይም በሽታ ያለበት አገር ነው። በሜይና በጁን የሚወጡት ትንንሾቹ መዥገሮች የሰሊጥ ፍሬ እንኳን አያህሉም። ሱሪህን ካልሲ ውስጥ ክተት፣ ቤት ስትገባ ገላህን ፈትሽ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም።

ስለ ዓይን። የካናዳ ዝይ ዓይን ጥቁር ቡናማ ነው፤ ያለውም ጥቁር ጭንቅላት ላይ ነው። የካሜራው የእንስሳ ዓይን ፈላጊ ብዙ ጊዜ ይታለላል፤ ነጩን ጉንጭ ወይም ከፊት ያለውን ሣር ይይዛል። ዓይኑ እንዲታይ ውስጡ የብርሃን ነጥብ መኖር አለበት። ለዚያ ደግሞ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከጀርባህ መሆን አለባት። በሜይ አጋማሽ እዚህ ፀሐይ የምትወጣው 5፡50 ገደማ ላይ ነው፤ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት ተኩል ወርቅ ነው። ደመናማ ቀን ከሆነ ቀኑን ሙሉ መሥራት ይቻላል፤ ጥቁሩና ነጩ ይታረቃሉ። ፀሐይ ስትበረታ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብርሃን) ከነጩ ጉንጭ አንፃር ቀንስ፤ ጥቁሩን በኋላ ከሮው ፋይሉ (ካሜራው ካስቀመጠው ጥሬ ፋይል) ላይ ማፍካት ይቻላል፤ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም። የነጭ ቬሎና የጥቁር ሱፍ ችግር ስለሆነ ይህን ለወዳጄ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ሹተሩን ለሚራመዱ ጫጩቶች 1/1000፣ ክንፍ ለሚያራግብ ወላጅ 1/2000 አደረገው። አይኤስኦው (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ቢጨምር ይጨምር።

ወደ ቤተሰቡ እንምጣ። ጎጆው ውሃው ዳር፣ ያለፈው ዓመት ደረቅ ሣር መሐል ነበር። ዝይ በአብዛኛው ከአምስት እስከ ስድስት እንቁላል ትጥላለች፤ ማቀፍ የምትጀምረው የመጨረሻውን ከጣለች በኋላ ስለሆነ ጫጩቶቹ የሚወጡት አንድ ላይ ነው። የምታቅፈው እሷ ብቻ ናት፤ ከ25 እስከ 28 ቀን ትቀመጣለች። አባትየው ራቅ ብሎ ይጠብቃል። ጎጆው ላይ ስትሆን ፎቶ አያስፈልግም የሚል አቋም አለኝ። ከሩቅ አንድ ሁለት አንስተህ ሂድ። ተጠግተህ ካስነሳሃት እንቁላሉ ይበርዳል፤ ቁራና ራኩን የሚባለው አውሬ ደግሞ ሰው የሚመላለስበትን ቦታ ልብ ይላሉ። ሕጉም አለ። የ1918ቱ የስደተኛ ወፎች ሕግ ያለ ፈቃድ ዝይውንም እንቁላሉንም መጉዳት ይከለክላል። የሚጠቅምህ ቀኑን መቁጠር ነው። ያለማቋረጥ መቀመጥ ከጀመረችበት አራት ሳምንት ቁጠርና ያኔ ተገኝ።

በነገራችን ላይ ወዳጄ ከአፓርታማው ኩሬ አጠገብ ሌላ ጎጆም ያውቅ ነበር። ያችኛዋ ከወር በላይ ተቀመጠች፤ ምንም አልወጣም። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም አንዱ ሊሆን የሚችለው ምክንያት ዘይት ነው። ዝይ የበዛባቸው ባለንብረቶች በፌዴራል መንግሥቱ ተመዝግበው እንቁላሉን የበቆሎ ዘይት እንዲቀቡ ይፈቀድላቸዋል። ዘይቱ የቅርፊቱን ቀዳዳ ይደፍናል፤ እንቁላሉ አያድግም። እናትየዋ ግን ስለማታውቅ መቀመጧን ትቀጥላለች። እንቁላሉ ቢሰበር ሌላ ትጥላለችና ነው እንዲህ የሚደረገው። ወዳጄ "ጨካኞች" አለ። የአፓርታማው ሥራ አስኪያጅ ሌላ የሚለው ይኖረዋል።

የሐይቁ ቤተሰብ ጫጩቶች አምስት ሆነው ወጡ። ጎጆ ላይ የሚቆዩት አንድ ቀን ቢሆን ነው፤ ከዚያ እናታቸውን ተከትለው ውሃ ውስጥ ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ፎቶዎች መሐል ወዳጄ ዛሬም የሚያሳየኝ አንዱን ነው። ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ እናትየዋ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ክንፏን ትንሽ ከፈት አድርጋለች። ከክንፏ ሥር ሦስት ጭንቅላት ወጥቷል። ስክሪኑ ላይ ስናጎላው በአንዷ ጫጩት መንቁር ጫፍ ላይ ነጭ ነጥብ አየን። ወዳጄ ቆሻሻ መስሎት በፎቶሾፕ ሊያጠፋት ነበር። "ተው!" አልኩት። እንቁላሉን ከውስጥ የሰበረችበት ጥርስ ናት፤ በቀናት ውስጥ ትወድቃለች። ይህች ነጥብ ያለችበት ፎቶ የጫጩቷን ዕድሜ ይናገራል።

ቢጫው ላባ ብዙ አይቆይም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ መደብዘዝ ይጀምራል፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጫጩቶቹ ግራጫና አንገተ ረጅም ይሆናሉ። ብዙ ፎቶ አንሺ ያኔ ይተዋቸዋል። "አስቀያሚ ሆኑ" ይባላል። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ነው የምወዳቸው፤ ባሕርያቸው የሚወጣው ያኔ ነው።

የወዳጄ እናት በሌላ ቀን ከቤት ድፎ ዳቦ ቆርሳ መጣች። ልትጥልላቸው ስትል፦

"እማማ፣ ዳቦ አይስጧቸው" አልኳት።

"ለምን ልጄ? የእግዜር ፍጥረት አይደሉም?"

ነገርኳት። ሣር ይበቃቸዋል። ጫጩት በሚያድግበት ጊዜ እንደ ዳቦ ያለ ኃይል ሰጪ ምግብ ከበዛበት የክንፉ ጫፍ ወደ ውጭ ሊጣመም ይችላል፤ እንዲህ የሆነ ወፍ አይበርም። ለፎቶም አይበጅም። ዳቦ የለመደ ዝይ ሰው ሲያይ ወደ እጅ ነው የሚያየው፤ ፎቶው የልመና ፎቶ ይሆናል። "እንግዲያው እኛው እንብላው" ብላ አካፈለችን።

አሁን ከሁሉም ያተረፈንን ነገር ልንገራችሁ። ሌላ የዝይ ጥንድ ሲጠጋ አባትየው አንገቱን ዘርግቶ ያሳድዳል። ፎቶ አንሺ ሁሉ በደመ ነፍስ ካሜራውን ወደ ጠቡ ያዞራል፤ የሚያገኘውም የሚሸሽ ዝይ ጀርባ ነው። ወዳጄን "እሱን ተወውና እናትየዋ ላይ ቆይ" አልኩት። ምክንያቱም አባትየው ከድሉ በኋላ ወደ እሷ ይመለሳል። ሲመለስ ሁለቱም አንገታቸውን ዘርግተው፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጠጋግተው፣ እየተቀባበሉ ይጮኻሉ። ጫጩቶቹም ትንንሽ አንገታቸውን ዘርግተው ይገቡበታል። ዝይን በማጥናት ስሙ የሚነሳው ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ፣ በ1973 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል የተሸለመው፣ በግራጫ ዝይዎች ላይ ስለዚህ ብዙ ጽፏል፤ የድል ሥነ ሥርዓት ይሉታል። ጥንዱን አንድ ላይ የሚያቆየው ይህ ነው ይባላል። የሚቆየው ሴኮንዶች ብቻ ነው። ፎከስህ ቀድሞ እናትየዋ ላይ ካልተቀመጠ አትደርስበትም። ወዳጄ ደረሰበት። የሠርግ ልምዱ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው፤ ሙሽራው ገብቶ ሙሽሪትን የሚያይበትን ቅጽበት አስቀድሞ ቦታ ይዞ መጠበቅ ለምዷል።

ከዚያ ቁጥሩ ተዛባ። መጀመሪያ አምስቱ አራት ሆኑ። ሐይቁ ውስጥ ነካሽ ኤሊ አለ፤ ቀበሮም በዙሪያው ይኖራል፤ የትኛው እንደወሰደው አላየንም። ወዳጄ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ዋለ። ቀጥሎ ባለው ሳምንት ግን በደስታ ደወለ፤ "አሥር ሆነዋል!" ፎቶውን ላከልኝ። ከሥሩ "እናትና አሥር ልጆቿ" ብሎ ጽፎ ሊለጥፈው ነው። "ቆይ፣ መጠናቸውን እይ" አልኩት። ስድስቱ ገና ቢጫ ናቸው፣ አራቱ ግን ግራጫ ሆነው እጥፍ ያህላሉ። በአንድ ጊዜ የተፈለፈሉ ጫጩቶች እንዲህ አይለያዩም። ዝይ ዘንድ ጠንከር ያለ ጥንድ የሌሎችን ጫጩቶች መጠቅለሉ የተለመደ ነው። አንዳንዴ የብዙ ቤተሰብ ጫጩቶች ተደባልቀው በጥቂት ወላጆች ይጠበቃሉ። እናታቸው ሞታ ነው ማለት አይደለም፤ እዚያው ሐይቅ ላይ ልትኖር ትችላለች። ፎቶው ውብ ነበር፤ ጽሑፉ ግን ስህተት ሊሆን ነበር። "የጎረቤት ልጆችም አሉበት" ብሎ ለጠፈው።

በጁን ሁለተኛ አጋማሽ ነገሩ ተለወጠ። ወላጆቹ የክንፋቸውን ትልልቅ ላባዎች በአንድ ጊዜ ይጥላሉ፤ ለአንድ ወር ገደማ መብረር አይችሉም። ዳርቻው ሁሉ ላባ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከጫጩቶቹ ጋር እኩል ናቸው፤ ማምለጫቸው ውሃ ብቻ ነው። ስለዚህ በእነሱና በውሃው መካከል በፍጹም አትግባ። ከውሃው በተቃራኒ ሆነህ ሩቅ ተኛ። አንድ ውሻ ማሰሪያውን አምልጦ ሲመጣባቸው ያየነው ያን ሰሞን ነው። አሥራ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ ገቡ። ወዳጄ ያንን አላነሳም፤ ውሻውን ለመያዝ ሮጦ ነበር።

ጫጩቶቹ ክንፍ የሚያወጡት ከተፈለፈሉ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ጁላይ ሲገባ አራቱ ትልልቆቹ ከወላጆቻቸው የሚለዩት ተጠግቶ ላየ ብቻ ነበር፤ ነጩ ጉንጫቸው ትንሽ ቆሸሽ ይላል። እስከሚቀጥለው ፀደይ አብረዋቸው ይቆያሉ።

ወዳጄ በሺዎች ከሚቆጠሩት ፋይሎች ጥቂቱን ብቻ አስቀረ። ክንፍ ሥር ያሉት ሦስቱ ጭንቅላቶች፣ የድሉ ጩኸት፣ የጎረቤት ልጆች ያሉበት ሰልፍ፣ አንድ ግራጫ ጫጩት ክንፍ ሳይኖረው ሲያራግብ። ካሜራ የሚያይ ዝይ ያለበት ፎቶ አንድም አልገባም። እናቱ ደሴ ስትመለስ የክንፍ ሥሩን ፎቶ አሳትሞ ሰጣት፤ የዶሮዎቿን ቆጥ በር ላይ ልትሰቅለው እንደሆነ ነግራናለች።

እሱ አሁን የሚያወራው ስለ ብላክወተር ነው። ቼሳፒክ ቤይ ማዶ ያለ የዱር እንስሳት መጠለያ ነው፤ ከሰሜን ካናዳ የሚመጡት ተጓዥ ዝይዎች ኖቬምበር ላይ በብዛት ያርፉበታል። እነዚያ ሰው አልለመዱም፤ ገና ከሩቅ ሲያዩህ ይነሳሉ። ለእነሱ 200ው አይበቃም፤ ስለ 600ው ያኔ እንነጋገራለን ብዬዋለሁ።